በሁለት ቅጥር የቆመ ቃል

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ሥራ የሚጠብቀው ይሂድ፤ ይህ ነገር በሩጫ አይሰማም።

ከዚህ ራቅ ያለ፣ ያን ያህልም ያልራቀ አንድ አገር ነበር። የዚያ አገር ሰው በጥንት ዘመን ባንድ ላይ ይኖር ነበር አሉ፤ ላይ ሰፈር የተመታ ከበሮ ታች ሰፈር ያስጨፍር ነበር። ኋላ አንድ ቀን አንዲት ሴት በርበሬ ስታምስ እሳቱ አመለጣት። ከጎጆዋ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ጎተራው፣ ከጎተራው ወደ ንጉሡ አዳራሽ ደረሰና የንጉሡን ጢም እኩሌታውን በላው። ያገሩ በርበሬ ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለ ነደደ፣ በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ከማልቀሱ በፊት ያስነጥስ ነበር ይባላል። ያመነ ይመን።

ንጉሡ የተረፈችውን ጢሙን እየዳሰሰ፣ «የአንዱ እሳት ለሌላው የሚደርሰው መሃላቸው ክፍት ስለ ሆነ ነው። ይታጠር!» አለ። ታጠረ። ግንቡ ከመርዘሙ የተነሳ አሞራ ሊሻገረው ሲነሳ ስንቅ ይቋጥር ነበር። አገሩ በቅጥር በቅጥር ተከፋፈለ፤ የዋርካ ቅጥር፣ የጥድ ቅጥር፣ የኮሶ ቅጥር እየተባለ። ሐቁን ለመናገር፣ እሳቱስ ቆመ።

ቀጥሎ ንጉሡን ጫጫታው አስቸገረው። ሁሉም ቅጥር ባንድ ጊዜ ሲወቅጥ፣ ሲጣራ፣ ሲጨቃጨቅ «መንግሥት የራሱን ድምፅ መስማት አቃተው» ተባለ። ስለዚህ ቀኑን እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሰው ለየቅጥሩ አደሉት። ተራው የደረሰው ቅጥር ይኖራል፤ ተራው ያለቀበት ይረጋል። መርጋት ማለት እንደ ቅቤ ነው፤ ሞትም አይደለም፣ እንቅልፍም አይደለም። መሃል አገር ካለው ማማ ላይ ነጋሪቱ ሲመታ፣ ጉርሻ ያነሳ እጅ አፍ ሳይደርስ ይቆማል። ሊማታ ዱላ ያነሳ እንዳነሳ ይቆማል። ቀልድ የሰማ ሰው በማግስቱ ይስቃል፤ ቀልዱ ካልጣመው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሊስቅ የተዘጋጀ ፊት ይዞ በከንቱ ይቆማል።

የሻረግ የምትባል ሴት በዋርካ ቅጥር ትኖር ነበር። ሥራዋ ገመድ ነው። ቃጫ ትፍቃለች፣ ታከራለች፣ ትገምዳለች። ባሏ ሽባባው ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ወገቡን በእሷ ገመድ ታስሮ ይወርዳል። «ሰው የትዳሩን ልክ የሚያውቀው በሚስቱ ገመድ ጉድጓድ ሲወርድ ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከጉድጓድ ወጥቶ ጭቃውን በሣር እየጠረገ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዛሬ ውሃ ሸተተኝ» አላት።

«ውሃ ደግሞ ምን ምን ይሸታል?»

«ዝምታ ዝምታ ይሸታል።»

«አንተ ጉድጓድ ስትገባ ባለቅኔ ነህ፤ ስትወጣ ግን ‹እራት የታለ› ነው ቅኔህ።»

ሳቀ። ሳቁን ዋጠና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«የሻረግ፣ የምሬን ነው። ታች ሆኜ አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። አንቺ እኮ ለእኔ—»

ነጋሪቱ ተመታ። የዋርካ ተራ አለቀ። እሷም ጆሮዋን እንዳዘነበለች፣ እሱም አፉን እንደ ከፈተ ረጉ።

ተራቸው ዞሮ ሲደርስ የሻረግ እንዳዘነበለች ነቃች። አጠገቧ ሰው የለም። ሽባባው የተቀመጠበት ቦታ ተጠርጎ አዲስ ጉዝጓዝ ተነስንሶበታል። ያገሩ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቃል፤ ሰው ሲዛወር ቦታው ይጠረጋል፣ ሣርም ይነሰነስበታል።

በዚያ አገር ሊቀ ሚዛን የሚባል፣ ከነተሸካሚዎቹ የማይረጋ ሹም አለ። ሥራው ጭነት ማስተካከል ነው፤ ነጋዴ የአህያውን ጭነት እንደሚያስተካክል። አንዱ ቅጥር ሥራ ሲበዛበት ከሌላው ቅጥር ሰው አንስቶ ይጭንበታል። የዚያን ጊዜው ሊቀ ሚዛን ገድሉ ይባላል፤ ከሚዛን ፍቅሩ የተነሳ ቀኝ ጆሮውን ሲበላው ግራውንም ያካል፣ በቀኝ ጉንጩ ያላመጠውን ያህል በግራው ያላምጣል። የጥድ ቅጥር ጉድጓዶች ደርቀው ነበርና «ቆፋሪ ይጫንልኝ» ብሎ አዘዘ። ሰው የሚጫነው እንደ ረጋ ነው፤ አይንፈራገጥም፣ አይጠይቅም። ሕጉ «ምንም አይቅር» ይላል። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ ዶማውን ወሰዱ፣ በርጩማውን ወሰዱ፣ ከጉልበቱ የረገፈውን ጭቃ በእፍኝ ሰብስበው ወሰዱ፣ ጥላው እንዳይቀር ቦታውን ሁለቴ ጠረጉ። በአፉ ውስጥ የነበረውን እኩሌታ ቃልም ከነአፉ ወሰዱ። የወጣውን እኩሌታ ግን ረሱት። እሱ የሻረግ ጆሮ ውስጥ ነበር።

«አንቺ እኮ ለእኔ።» የሻረግ ይህን ይዛ ዋለች፣ ይህን ይዛ ረጋች። ቃጫ ስታከር ከክሩ ጋር ይከርባታል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ደብሬ በቅጥሩ የታወቀች ምላሰኛ ናት፤ ማጽናናት ፈልጋ መጣች።

«ምን ሊል እንደ ነበር እኔ ልንገርሽ? ‹አንቺ እኮ ለእኔ ሽሮ ጨው አበዛሽብኝ› ሊል ነው።»

«ተይኝ ደብሬ።»

«ኧረ የኔስ ባል እንዲያ ሲል ነው የሚጀምረው። ‹አንቺ እኮ ለእኔ› ካለ በኋላ መልካም ነገር ተናግሮ አያውቅም።»

«የኔው እንዳንቺው ባል አይደለም።»

«አወቅሽ! ታዲያ ካወቅሽው ጨርሺው እንጂ ምን ያስጨንቅሻል?» ብላ ሳቀች። የሻረግ ግን መጨረስ አልቻለችም። ያሰበችው መጨረሻ ሁሉ የእሷ ድምፅ ነበረው፤ የእሱን ድምፅ የያዘ አንድም አልመጣላትም።

ቃል ልትልክበት ተነሳች። በዚያ አገር ቃል በባዶ እጅ አይላክም። ለመልእክተኛው ቃልሽን ትነግሪዋለሽ፤ እሱም በገል ላይ ፍም ይዞ ይሮጣል። በወዲያኛው ቅጥር መስኮት የፍም ዳኛ ተቀምጧል። ፍሙን እፍ ይለዋል፤ ከቀላ ቃሉ ያልፋል፤ ካልቀላ «ሞቷል» ብሎ ይደፋዋል። ሕጉ «የዘገየ እውነት ከውሸት አንድ ነው» ይላል። ሲጀመር ሕጉ ክፉ አልነበረም። «ጎርፍ መጣ» የሚል ቃል ከጎርፉ ኋላ ቢደርስ ማንን ይጠቅማል? የከፋው ሌላ ነው። የባለ ካባ ፍም የወይራ ነው፤ ሲውል ሲያድር አይጠፋም። የተራ ሰው ፍም የቆረቆንዳ ነው፤ መልእክተኛው ሲያዛጋ ይጠፋል። ደግሞም በመስኮቱ የሹም ቃል ይቀድማል፤ የሹም ቃል ደግሞ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታቸውም አያልቅም። አንድ ጊዜ የኮሶ ገዥ «እንደምን ሰነበታችሁ» ተባብሎ ሳይጨርስ አርጅቶ ሞተና ልጁ ከቆመበት ቀጠለው ይባላል።

የዋርካ መልእክተኛ ጓንጉል ይባላል፤ እግሩ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሯጭ ነው። የሻረግ «ጨርስልኝ በለው» ብላ ላከችው። ጓንጉል ገሉን ደፍቶ ይዞ ተመለሰ።

«ሞተብሽ እቴ።»

«ምነው ጓንጉል፣ ሮጥ ብትልልኝ?»

«ሮጥኩ እንጂ! እግሬስ ደርሶ ነበር፤ ተራው ነው ያልደረሰው። የጥድ ገዥ የኮሶን ገዥ የበቅሎውን ጤና እየጠየቀ ነው።»

«የበቅሎውን?»

«በቅሎው ደህና ነው፣ ተመስገን። አሁን ወደ ፈረሱ አልፈዋል።»

ደግማ ላከች። ሞተ። ቃሉ ቢያጥር ይፈጥናል ብላ «እህ?» ብቻ ብላ ላከች። እሱም ሞተ። በየመስኮቱ ሥር የሞተ ቃል አመድ ተራራ አክሎ ነበር። «ልጅሽ ታማለችና ድረሽ» የሚለውም፣ «ወንድ ተወለደ» የሚለውም እዚያ ላይ ነው። ዳኞቹ በአመዱ ላይ ጎመን ዘሩበት፤ ጎመኑ ለመለመ። ብቻ ያን ጎመን የበላ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ያለቅሳል።

ቃሉ ካልደረሰ እኔው ልድረስ ብላ የሻረግ ሊቀ ሚዛን ገድሉ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ወደ ጥድ ቅጥር ያዛውሩኝ።»

«ሰው ጭነት ነው» አለ ገድሉ፣ ሁለቱንም ጆሮውን እያከከ። «ጭነት ይጫናል እንጂ ‹ጫኑኝ› አይልም። ለመሆኑ እዚያ ምን አለሽ?»

«የቃሌ እኩሌታ።»

«የምንሽ?»

ነገረችው። ገድሉ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው አዛውሮ ነገር ማስቀረት ለሊቀ ሚዛን ትልቅ ውርደት ነው። በዚያ ላይ አንድ ነገር ባንድ ጊዜ በሁለት ቅጥር መቆም አይችልም፤ ቅጥር የታጠረው ለዚህ ነው። እግሩ እዚህ፣ ራሱ እዚያ የሆነ ቃል ግንቡን ያላንዳች መሰላል ዘሎታል ማለት ነው! ወዲያው ሸንጎ ተጠራ። ሸንጎው ካባ ለብሶ ተቀመጠና ቃሉ እንዲጨረስ ወሰነ። ከተጨረሰ አንድ ሙሉ ቃል ይሆናል፤ ሙሉ ከሆነ ይጫናል።

አንዱ ሹም፣ «‹አንቺ እኮ ለእኔ ጤና ነሽ› ይባል» አለ።

«ጤና የሐኪም ነገር ነው» አለ ሌላው። «‹ታዛዥ ነሽ› ይሁን።»

«ታዛዥነት ለመንግሥት ነው እንጂ ለቆፋሪ ነው እንዴ? ‹የመንግሥት አደራ ነሽ› ይባል።»

ሲከራከሩ የሸንጎው ቤት ጣራ ሣር አወጣ፣ ሣሩ ታጨደ፣ እነሱ አልጨረሱም። በመጨረሻ ገድሉ ሚዛን የደፋ ቃል አገኘ። ተነስቶ፣ «አንቺ እኮ ለእኔ በሕግ የተፈቀድሽ ሚስት ነሽ!» ብሎ አነበነበ። ሸንጎው አጨበጨበ።

«አንቺ ሴት» አለ ገድሉ፣ «ባልሽ ሊል የነበረው ይህ ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ። ባውቀውማ ምን አመጣኝ?»

«‹አይደለም› ካልሽ ቃሉ እንደ ተሰነጠቀ ይኖራል፤ አንቺም ከዚሁ። ‹ነው› ካልሽ ሙሉ ነሽ፣ ትጫኛለሽ። ምረጪ።»

የሻረግ ከእጇ ቃጫ ያለ መስሏት ጣቶቿ ያከሩ ነበር። እውነተኛው መጨረሻ የትም ይሁን የት፣ እሱ አፍ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያ ነው። ልድረስበት እንጂ ከአፉ እቀበለዋለሁ፣ አለች በልቧ።

«እሱ ነው» አለች።

የዚያን ለት ሰላምታ ሁሉ ቆሞ መንገድ ተጠረገ። የተጨረሰው ቃል በወይራ ፍም ወደ ጥድ ቅጥር ሮጠ። መልእክተኛው አድርሶ ሲመለስ ፍሙ ገና በቆሎ ይጠብስ ነበር። የሻረግ የተቀመጠችበትን ቦታ ራሷ ጠረገች፣ ጉዝጓዙን ራሷ ነሰነሰች። ደብሬ ከአጥሩ ማዶ፣ «ቂል! ጨው የበዛበት ሽሮ ፍለጋ ተሰደደች!» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ረግታ ተጫነች። ስትነቃ የጥድ ቅጥር ውስጥ ነበረች፣ የጭቃ ቤት ደጅ ላይ። ዙሪያውን አየች። ሰው ሁሉ ረግቷል። ሴቲቱ ሙቀጫ ላይ ዘነዘና እንዳነሳች፤ ሁለት ሽማግሌዎች እየተጨቃጨቁ፤ አንድ ዳኛ አፍንጫው ላይ ዝንብ አርፎበት፣ ዝንቡ ግን ተራ የለውምና ወዲያ ወዲህ ይላል። የነቃች ሰው እሷ ብቻ ናት። ነገሩ ኋላ ገባት። በትእዛዝ የተጫነ ሰው ከነተራው ይጫናል፤ «ጫኑኝ» ብሎ የመጣን ግን ተራው አይከተለውም። የእሱ ተራ የተወለደበት ቅጥር ተራ ነው፤ እንደ ቆዳ አይወልቅም። ጥድ ቅጥር ብትኖርም የምትነቃው ዋርካ ሲነቃ ነው።

ሽባባው ግን እዚያ ነበር። በሩ ላይ፣ ጭቃ በጉልበቱ፣ ፊቱን ተሸካሚዎቹ ወዳስቀመጧት ወደ እሷ አድርጎ። ከስቷል። እጁን ያዘችው፤ ሞቃት ነው። «ሽባባው» አለችው። ግንብን መጥራት ነበር። ተራዋን ሙሉ እጁን እንደያዘች ቆማ፣ ሊያልቅ ሲል ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ አየችና ደሟ ፈላ። ማን እንደ ገመደው እንጃ፤ ልቅ ነው፣ አንዱ ክር ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ባሏን በዚህ ነው የሚያወርዱት! ፈትታ እንደ ገና ገመደችው።

በማግስቱ ስትነቃ ጋቢ ተደርቦባታል፤ መዳፏ ላይም የተፈለፈለ እሸት ባቄላ አለ። ገመዱን አውቆታል ማለት ነው። እንዲህ ሆነው ኖሩ። እሱ ሲነቃ እሷ ረግታ ያገኛታል፤ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ገለባ ያነሳል። እሷ ስትነቃ እሱ ረግቶ ታገኘዋለች፤ እግሩን ታጥባለች። ባንድ ጣራ ሥር፣ ባንድ መደብ ላይ፣ እንደ ፀሐይና ጨረቃ። ሩቅ ሳለች ቢያንስ መንገዱ ረዝሞ ነው ትል ነበር። አሁን ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ትንፋሹ ጉንጯ ላይ ነው፤ ናፍቆቱ ግን ብሶ ቁጭ አለ።

ታዲያ አንድ ቀን ነጋሪቱ ሲመታ ዓይኗን ገለጠች፤ የሽባባው ዓይን ደግሞ ሲርገበገብ አየችው። አልረጋም! ተያዩ።

«በላሽ?» አላት።

ረጋ። አፏን ከፍታ ቀረች። ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ቃል ስትጠብቅ የመጣው «በላሽ?» ነው። ተቀምጣ ስታለቅስ ስትስቅ ተራዋ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነጋሪቱ መቺ አያ ቸኮል የሚባል ሽማግሌ ነበር። ቀኝ እጁ ባለ ተራውን ይቀሰቅሳል፤ ግራ እጁ ተራውን የጨረሰውን ያረጋል። ሁለቱ እጆች እኩል መውረድ ነበረባቸው። ግራ እጁ ግን አርጅቶ ዘገየ። የጥድ ተራ ሲያልቅ የዋርካ ይከተላልና፣ በሁለቱ ምት መሃል አንዲት ትንፋሽ ተገኘች፤ የማንም ያልሆነች። በየቅጥሩ ያለ ሰው አላወቃትም፤ ግንብ መሃሉ ነው። በዚያ አገር ሁለት ተራ ያለው ቤት ያ አንዱ ቤት ብቻ ነበር።

በማግስቱ የሻረግ ቀደመችው። «ጨርሰው!» አለችው፤ ነጋሪቱ ተመታ። በሦስተኛው እሱ ተራውን ጠብቆ አንዲት ቃል ብቻ አላት፦

«ቀሙኝ።»

ረጋ። የሻረግ የተራዋን እኩሌታ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። የሸንጎው ቃል በወይራ ፍም ሲደርስ አስምለውታል፤ «ያልከው ይህ ነው» ብለው ደጋግመው አስብለውታል፤ የራሱ ከአፉ ወጥቶ የእነሱ ገብቷል። ያስወጣው ደግሞ የማን «እሱ ነው» እንደ ሆነ እሷ ታውቃለች። ልትደርስበት ስትል የምትደርስበትን ለሸንጎው ሰጠች።

ተነስታ፣ ዘበኛው በረጋበት በር አልፋ፣ ወደ ማማው ሄደች። አያ ቸኮል አይረጋም፤ መቺ ተራ የለውም። ምሳውን በቀኝ እጁ እየበላ ከላይ አያት።

«አያ ቸኮል፣ ግራ እጅዎ ይዘገያል» አለችው ከሥር ሆና።

«አየሽው? ዝም በይ ልጄ።» ጉርሻውን ዋጠ። «ከዚህ ማማ ሥር ሆኖ እጄን ያየ ሌላም ሰው አለ። ሊቀ ሚዛን ሰምቷል። ነገ ከአጠገቤ ሊቆም ነው፤ ‹ሁለቱም እጅ እኩል ካልወረደ ጎረምሳ አስቀምጣለሁ› ብሏል።»

«እና ነገ የለም?»

«ነገማ አለ። ከነገ ወዲያ ነው የሌለው። እስኪ ንገሪኝ፣ አንዲት ትንፋሽ ምን ያደርግልሻል?»

«አንድ ቃል ይበቃታል።»

«አንድ ቃል!» አለና ግራ እጁን እንደ ባዳ እጅ አገላብጦ አየው። «እኔ ስንቱን ሰው ‹አንድ ቃል ልበል› እያለ አስቁሜያለሁ፤ ከዚህ ሁሉም ይታያል። ሂጂ፤ ቃልሽን ምረጪ።»

የሻረግ ሄዳ ሽባባው ፊት ተቀመጠች። «ይቅር በለኝ» ልበለው? «እኔ ነኝ» ልበለው? አንዱን ካለች ሌላው ይቀራል። መርጣ ረጋች።

በማግስቱ ሊቀ ሚዛን ገድሉ ማማው ላይ ወጣ።

«ሁለቱም እጅ እኩል!»

«እኩል ጌታዬ» አለ አያ ቸኮል፤ ሁለቱንም አነሳ። ቀኝ እጁ ወረደ። ግራው ከላይ ቀረ።

«ምታ!»

«ጀርባዬን ላሳክክ ጌታዬ።»

«ምታ ነው የምልህ!»

«ሰው ልብስ ሲቀይር እንኳ መሃል ላይ ራቁቱን ይቆማል ጌታዬ። ትንሽ ይታገሱ።»

የሻረግ ዓይኗን ገለጠች። ሽባባው ያያታል።

«አዲስ ጀምር» አለችው። አንድ ቃል መርጣ ነበር፤ ሁለት አመለጧት፤ ሁለቱም ደረሱ።

ሽባባው አፉን ከፈተ። ነጋሪቱ አልተመታም። ዋርካ ቅጥር ነቅቷል፤ ጥድ ቅጥርም አልረጋም። ሙቀጫ ላይ ያለችው ሴት ዘነዘናዋን አወረደች፤ ዱብ! ከግንቡ ወዲያ ደግሞ አንድ ድምፅ፣ «ማነው እዚያ የሚወቅጠው?» አለ።

ሴቲቱ ደነገጠች። «እናንተስ ማናችሁ?»

«ደብሬ ነኝ! ዋርካ ነን! የሻረግ እዚያ ናት?»

ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ጠፋ። «ልጄ እዚያ ናት!» «አባቴ አለ?» «እናቴ ከሞተች ማን ይነግረኛል?» ያለ ገል፣ ያለ ፍም፣ ያለ ዳኛ፤ ቃል በግንቡ ላይ እንደ ርግብ መንጋ ይበር ጀመር። ከጩኸቱ የተነሳ የጥዱ ፍሬ ረገፈ፤ ግንቡ ላይ የተኙ እንሽላሊቶች መኖሪያ ለወጡ። ያን ጎመን በልተው ያለቀሱ ሁሉ ለምን እንዳለቀሱ የዚያን ጊዜ ገባቸው አሉ።

ገድሉ የሽማግሌውን ግራ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ነጋሪቱን መታበት። ደግሞ መታበት። ቆዳው እስኪቀደድ መታበት። መታ እንጂ፣ መምታቱንስ መታ። ማን ሰማ? ያልሰማ ደግሞ አይረጋም።

ሽባባው ይናገር ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሻረግ ግን ከዚያ ሁሉ ሁካታ አንድ ፊደል አልደረሳትም።

«ምን አልክ?» ብላ ጮኸች። «አልሰማሁህም! ቶሎ በል፣ ሳይመታ!»

ሽባባው ዞሮ ማማውን አየ። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አለና አጠገቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገላት። ተቀመጠች። ጉልበቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አራገፈ፤ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

«አልቸኩልም» አላት፤ ጀመረ። የቀረውን የሰማው የእሷ ጆሮ ብቻ ነው።